ሸማኔውና ቀይ ኪኒኖቹ

ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ ብዬ አልምልም። ሸማኔው ኪኒኑን የደበቀው ለአሥራ ዘጠኝ ቀን ይሁን ለሃያ ዘጠኝ፣ አሁን እርግጠኛ አይደለሁም። የቀረውን ግን የፋርማሲ አስተማሪያችን መምህር ይርዳው እንደነገሩን ጽፌዋለሁ ብዬ አምናለሁ።

በዚያ ቀን የተማርነው ስለ ተለመዱ መድኃኒቶች ነበር። አስፕሪን ራስ ምታት ያስታግሳል፤ ጨጓራ ግን ይነካል። ነፍሰ ጡሮች የሚወስዱት የብረት ኪኒን የደም ማነስን ይከላከላል፤ ዓይነ ምድርን ግን ያጠቁራል። አንዳንዱ የአለርጂ መድኃኒት ማሳከኩን ያቆማል፤ ሰውየውን ግን እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል። እኔ ደብተሬ ላይ ሁለት ዓምድ አስምሬ፣ ጥቅሙን በቀኝ፣ የጎንዮሽ ጉዳቱን በግራ እጽፍ ነበር። ከዚያ እጄን አነሣሁ።

«መምህር፣ ለበሽተኛው የግራውን ዓምድ መንገር የግድ ነው? ፈርቶ ቢተወውስ? ደግሞ አንዳንዱ… ለትልቅ ሰው ለመናገር ያሳፍራል።»

ክፍሉ ሳቀ። አንዱ ከኋላ፣ «ዓይነ ምድር ብሎ ለመናገር አፍሮ ነው!» አለ። መምህር ይርዳው አልሳቁም። ጠመኔውን አስቀመጡና ጀመሩ።

አንድ ሰው ነበረ። ሥራው ሽመና ነበር፤ በሰፈሩም ሰው ሲጣላ ለማስታረቅ የሚጠራ ሽማግሌ ነበር። ሳል ይዞት ከረመና ቢመረመር የሳንባ ነቀርሳ ተገኘበት። በጤና ጣቢያው ደግሞ አንድ ወጣት መድኃኒት ሰጪ ነበረ፤ ከተመረቀ ገና መንፈቅ ያልሞላው፣ ከመናገሩ በፊት ነገሩን ሦስት ጊዜ በልቡ የሚደግም።

«በባዶ ሆድ ይዋጡት፣ አባቴ። በየጠዋቱ እዚሁ እየመጡ። ስድስት ወር ነው፤ ቢሻልዎትም እንዳይተዉት» አለው፤ ሁሉንም በተማረው ቅደም ተከተል።

አንድ ነገር ቀረ። ያ ኪኒን ሽንትን ቀይ ያደርጋል። ወጣቱ ቃሉን እስከ ከንፈሩ አደረሰው። ፊት ለፊቱ የቆመው ግን ነጭ ጋቢ የለበሰ፣ አባቱን የሚያህል ሰው ነው። ለእንዲህ ያለ ሰው እንዴት ተደርጎ ስለ ሽንት ይወራል? «ነገ እነግራቸዋለሁ» አለ በልቡ።

ሸማኔው አራቱን ኪኒኖች መዳፉ ላይ አገላበጣቸው። «ይሄ ለበቅሎ ነው ለሰው?» ብሎ ቀለደ።

ደንቡ በሽተኛው ሲውጥ በዓይን ማየት ነው። ወጣቱ ግን ሽማግሌ አፉን ከፍቶ ሲውጥ ትክ ብሎ ማየት አሳፈረው። ውሃውን በሁለት እጁ አቀበለና ፊቱን ወደ መደርደሪያው አዞረ።

ያን ዕለት ሸማኔው ጓሮ ወጥቶ መሬቱ ላይ ቀይ አየ። ደሙ መሰለው። በማግስቱም ቀይ ነው፤ በሦስተኛውም ቀን ቀይ። ለሚስቱ እንኳ አልነገራትም። እንዲህ ያለ ነገር ልጁን ለሚያህል ወጣትማ እንዴት ይነገራል? በአራተኛው ቀን ወጣቱ ፊቱን ሲያዞር ኪኒኖቹን ጋቢው ጫፍ ላይ ቋጠራቸው። በማግስቱም እንዲሁ አደረገ፤ ሽንቱ ጠራ። «እንግዲህ ታወቀ፤ ደሜን የሚያፈሰው ይኸው ነው» አለ።

ወጣቱም በየጠዋቱ ነገ እያለ ሰነበተ። ቀኑ በገፋ ቁጥር መናገሩ ራሱ ጥፋቱን ማጋለጥ ሆነበት። «ቢያስደነግጣቸው ኖሮ ይጠይቁኝ ነበር» እያለ ልቡን አጽናና። በካርዱ ላይ ግን «ወስዷል» የሚለውን ምልክት አንድም ቀን ሳይዘል፣ በጥንቃቄ፣ በንጹሕ ጽሕፈት ያደርግ ነበር።

አንድ ጠዋት ሸማኔው ቀረ። ወጣቱ እስከ ረፋድ ጠብቆ ቤቱ ሄደ። ሸማኔው ከመሸመኛው አጠገብ መደብ ላይ ተኝቷል፤ የጀመረው ሸማ ሳያልቅ ተወጥሮ ቀርቷል። ሚስቱ ወጣቱን ከእግር እስከ ራሱ አየችው።

«መጣህ? ና፣ መድኃኒትህን ተረከብ» አለችና የክር ማኖሪያ ሙዳዩን ገለበጠችው። ከክሩ መሃል ቀይ ኪኒኖች ረገፉ።

ወጣቱ ጎንበስ ብሎ አንዱን አነሣ። «አባቴ፣ ለምን?»

ሸማኔው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «ደሜን በሽንቴ ሲያፈሰው ዝም ብዬ ልዋጠው?»

«ደም አይደለም። የኪኒኑ ቀለም ነው። አይጎዳም።»

ሸማኔው ቀስ ብሎ ተመለሰ። «ቀለም?»

«አዎ፣ ቀለም።»

«አንተ ልጅ፣ እኔ እኮ አርባ ዓመት ቀይ ጥለት ስሠራ የኖርኩ ሰው ነኝ። የተነከረ ክር ሲታጠብ ውሃው ይቀላል፤ ክሩ ደማ ብዬ ደንግጬ አላውቅም። ቀለም ነው ብትለኝ አይገባኝም ነበር?» ሳሉ አቋረጠው። «ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ?»

«አፈርኩ፣ አባቴ።»

«እኔም አፍሬ ነው ያልጠየቅኩህ። እኔስ አላውቅም። አንተን ያስተማሩህ ለምን ነበር?»

መድኃኒቱ እንደገና ከመጀመሪያው ቀን ተጀመረ፤ በዚህ ጊዜ ሸማኔው ሲውጥ ወጣቱ ፊቱን አላዞረም። ሸማኔው ዳነ። ከሳንባው የተበላው ግን አልተመለሰም፤ መወርወሪያውን ጥቂት ከወረወረ ትንፋሽ ያጥረዋል። ያን ሸማ የጨረሰው ሌላ ሰው ነው። ቆይቶ ሚስቱም ያንኑ ሳል ሳለች። ወጣቱ ለእሷ ከሁሉ አስቀድሞ የነገራት ቀለሙን ነው።

መምህር ይርዳው ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ በሽተኛ ሁሉ እንደዚያ ሸማኔ ነው፤ አንተ ያልነገርከውን ቦታ በፍርሃቱ ይሞላዋል። የግራው ዓምድህ ደግሞ እንደዚያ ቀለም ነው። አስቀድመህ ከነገርከው ቀለም ሆኖ ይቀራል፤ ከደበቅከው ደም ይሆንበታል። ማፈርህን አልነቅፍም። ግን እፍረትህን አንተው ተሸከመው፤ ለበሽተኛው አታሸክመው።»

ይህን ሲሉ ዓይናቸውን ከጠረጴዛው አላነሡም። ያ ወጣት ማን እንደነበር የጠየቀ የለም። የሳቀም የለም። እኔ ደብተሬን ዘጋሁ፤ ጆሮዬ ድረስ ግሎኝ ነበር።

በማግስቱ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ የዚያን ቀይ ኪኒን፣ የሪፋምፒሲንን ገጽ ፈለግኩ። እንዳሉት ነው። ሽንትን፣ ላብን፣ ምራቅንና እንባን ብርቱካናማ ወይም ቀይ ያደርጋል፤ ጉዳት የለውም፤ ለታካሚው አስቀድሞ ይነገር። ጮክ ብዬ አነበብኩትና በሰዓቴ ለካሁት። ሰባት ሴኮንድ ነው።