ጭላዳ ስክሪን ልትገዛ ወጣች

ጆሯችሁን ወዲህ በሉ፤ የምነግራችሁ አራዊት ሱቅ ከፍተው፣ ዕቃውም አፍ አውጥቶ ይከራከር በነበረበት ዘመን የሆነውን ነው።

በዚያ ዘመን፣ በደጋው አናት ላይ፣ ፎቶ አንሺዋ ጭላዳ ትኖር ነበር። ሙሽሮችን ታነሳለች፣ በኮምፒውተር ታስተካክላለች፣ አትማ ሙሽራዋን ገና ላላዩ አማቾች ትልካለች። በሥራዋ ትኮራ ነበር፤ በቀዩ ደረቷም ትኮራ ነበር።

አንድ ጊዜ የቀይ ቀበሮን ታላቅ ሴት ልጅ አነሳች። አሮጌው ስክሪኗ ቀለሙን ሁሉ አቅልቶ ስላሳያት ቀዩን ቀነሰችው፤ ወረቀቱም ቢጫ ሆኖ ወጣ። አማቾቹ፣ "እኛ ቀይ ቀበሮ እንጂ ተራ ቀበሮ መች ጠየቅን?" ብለው ቀሩ።

አባትየው መጣ። "ስሚ ጭላዳ፣ ታናሺቱ ቀርታኛለች። የሷንም ካበላሸሽ ከእንግዲህ ካሜራሽ ፊት የሚቆም የለም።"

ጭላዳ የዚያን ዕለት የተነሳችውን የራሷን ፎቶ በፍላሽ ይዛ ጦጣ ሱቅ ሄደች።

"የራስሽ ፎቶ ምን ያደርግልሻል?" አላት ጦጣ።

"ማመሳከሪያ ነው። ደረቴን የትም ጥዬው አልሄድም። በል ስክሪኖቹን ደጃፍ አውጣልኝ፤ ጨርቅ እንኳ በሻጭ መብራት አይገዛም።"

ጦጣ እያጉረመረመ ከደጃፉ ጥላ ሥር ደረደራቸው።

አንደኛው ስክሪን፣ "እዩኝ! እዩኝ! እንደኔ የሚያበራ የለም!" አለ። ፎቶዋን ሲያሳይ ደረቷ በርበሬ መሰለ። መንገደኛው አጨበጨበ፤ ያኔም እንደ ዛሬው አጨብጫቢ አይጠፋም ነበር።

"ኮረዳ ሆንሽ እኮ፣ እትዬ!" አለ ጦጣ።

ጭላዳ ዝቅ ብላ ደረቷን አየች። "ይቺ ልጄ ትሆናለች እንጂ እኔ አይደለሁም።"

ሁለተኛው፣ "እዩኝ! እዩኝ! እንደኔ የሰፋ የለም!" አለ። ፊት ለፊቱ ስትቆም ደረቷ ቀይ፣ ወደ ጎን ፈቀቅ ስትል ወይን ጠጅ ሆነ።

"በቀኝ ሲጠይቁት አንድ፣ በግራ ሲጠይቁት ሌላ የሚናገር ምስክር አልፈልግም" አለች።

ሦስተኛውን ጭላዳ ራሷ ጠየቀችው።

"አንተስ?"

"የሰጡኝን አሳያለሁ። አልጨምርም፣ አልቀንስም።"

ፎቶዋን አሳየ። ደረቷ ዝናብ እንደመታው ሸክላ ገርጥቷል። መንገደኛው ሳቀ። "አርጅታለች ለካ!"

ጦጣ ወደ ጆሮዋ ተጠጋ። "አዋረደሽ እኮ! አንደኛውን ልጠቅልልልሽ?"

ጭላዳ ደረቷን በመዳፏ ሸፈነች። ስንት ዘመን ሙሉ ቀይ ነሽ ሲሏት ኖረዋል! ከዚያ መዳፏን ቀስ አድርጋ አነሳች። ስክሪኑን አየች፤ ደረቷን አየች። አንድ ናቸው።

"ምነው ትንሽ እንኳ ብታቀላኝ?" አለችው።

"እመቤቴ፣ መዋብ ካማረሽ ኩል ግዢ። እኔ ስክሪን ነኝ።"

ጭላዳ ሳቀች። "ይሄስ ኩራተኛ ነው፤ ከኔ ጋር ይግባባል።" ወደሚስቁባትም ዞር ብላ፣ "ደረቴ ገርጥቷል፤ ዓይኔ ግን አልገረጣም! ጦጣ፣ ይሄን ጠቅልልልኝ!" አለች።

የታናሺቱ ፎቶ በዚያ ስክሪን ተሠርቶ ታተመ፤ ተላከም። የሙሽራው አባት ወረቀቱን ይዞ መጣ፤ ከሙሽሪት ትከሻ ጋር አስጠጋው። ወረቀቱ የት አልቆ ፀጉሯ የት እንደሚጀምር መለየት አቃተው።

"የተቆረጠው ጆሮዬም ታይቷል እኮ" አለች ሙሽሪት አንገቷን ደፍታ።

"ጆሮሽን ያልደበቀ ቀለምሽንም አያጋንንም ብለን ነው የመጣነው፣ ልጄ" አላት።

እልልታው ቀለጠ። ጭላዳም የገረጣ ደረቷን ነፍታ ከዳሱ መሃል ተቀመጠች።

እናንተም የሚያቆነጃችሁን ለጭፈራ ጥሩት፤ ለሥራ ግን የማያባብላችሁን ያዙ።