ሦስት ስም ያላት ከተማ

በአንድ ወቅት፣ በዓለም ላይ የሌለች አገር ከልቡ አፍልቆ ሲጽፍ ኖሮ ሳይጨርሳት የሞተ፣ ይመኑ የሚባል ሰው ነበር። ትቶ ያለፈው አርባ ደብተርና ሦስት ልጆች ነው።

ከዓመታት በኋላ አሳታሚ ተገኘ። ችግሩ፣ ሰውየው ስም መለዋወጥ ይወድ ነበር፤ በአምስተኛው ደብተር አንድ ስም ያለው ወንዝ በሃያኛው ሌላ ይባላል። ይህን የማስታረቁ ሥራ፣ ብዙ ዘመን ርቃ ኖራ በተመለሰችው በመካከለኛዋ ልጅ በስንዱ ላይ ወደቀ። ለየተራራው ካርድ አበጅታ፣ ሰባት ዓመት ደብተሮቹን ስታመሳክር ከረመች። ሁሉም ተስማማላት። የታሪኩ ስደተኛ ንጉሥ ዕድሜውን ሙሉ የሚጓዝላት ከተማ ብቻ እምቢ አለች፤ መጀመሪያ «እልፍ በር»፣ መካከል ላይ «ሰማይ ግርጌ»፣ መጨረሻ ላይ «መመለሻ» ትባላለች።

«ሰማይ ግርጌ» ያለቻት ስንዱ ራሷ ነበረች፣ በዘጠኝ ዓመቷ። አባቷ «አንቺ ስም አውጪላት፤ ይህን ለሌላ ሰው አልሰጥም» ብሏት ነበር። ይህንኑ በየሰው አገር ይዛው ዞራለች። አሁን ወንድምና እህቷን ጠርታ ነገረቻቸው።

ታላቅ ወንድሟ ደጀኔ ሳቀ። «እኔንም እንዲሁ ብሎኛል።» «እልፍ በር» የእሱ ነበር።

ታናሽ እህቷ መንበረ አልሳቀችም። «እኔንም» አለች፤ «መመለሻ» የእሷ ነበር።

«አንድ ከተማ ለሦስት ሰው! ሽማግሌው ጉድ ሠራን» አለች ስንዱ። ተናደደች፤ ደግሞም ናፈቃት።

አሳታሚው ግን ከመጽሐፉ ጋር በሚወጣው ካርታ ላይ አንድ ስም ብቻ ፈልጓል። ሁለቱ ከመጽሐፉ ይወጣሉ።

«መጀመሪያ የወጣው የእኔ ነው» አለ ደጀኔ። አንድ ጊዜ የአባታቸው ቤት ሲቃጠል የደብተሮቹን ሳጥን ተሸክሞ የወጣው እሱ ነው፤ ጠባሳው ክንዱ ላይ አለ። «እኔ ባልኖር ከተማችሁ አመድ ነበረች።»

«ጋሼ፣ ያወጣኸው ሳጥን ነው፤ ከፍተህ አንብበኸዋል?» አለች መንበረ። አባቷ ዓይኑ ሲደክም ትዳሯን ትታ አጠገቡ የተቀመጠች፣ እሱ እየነገራት የመጨረሻዎቹን አሥር ደብተሮች የጻፈች እሷ ናት። «ንጉሡ ከተማዋ በር ሲደርስ የት ነበራችሁ?»

«ብዕሩ በአንቺ እጅ ነበር፤ የራስሽን ብትጽፊስ ማን አየሽ?» አላት ደጀኔ።

«እኔ እስክመጣ ድረስ ሦስቱ ስሞች የአንድ ከተማ መሆናቸውን እንኳ አላወቃችሁም» አለች ስንዱ። «ያለ እኔ ሥራ ንጉሡ ወንዙን አይሻገርም፤ እናንተም የምታሳትሙት የወረቀት ክምር ነው።»

በመጨረሻ መንበረ፣ «እትዬ፣ ዛሬ ብዕሩ በአንቺ እጅ ነው። ጻፊ» አለች።

ስንዱ በካርታው ላይ ወንዞቹን ሁሉ በስማቸው ጻፈች። ከተማዋ ጋ ስትደርስ ስም የሌላት ትንሽ ክብ ብቻ ቀረች። የወንድሟን ክንድ አየች። አባትየው ምናልባት ቢያነባቸው ብላ መንበረ በትልልቁ የጻፈቻቸውን ፊደላት አየች። የራሷን ካርዶችም አየች። ብዕሩ ግን አልወረደም፤ አሳታሚው ደጅ ቆሞ ይጠብቃል።

እስቲ እናንተ ፍረዱ፦ ከእሳት ላወጣው፣ እስከ መጨረሻው ላልተለየችው፣ ወይስ የተበተነውን አንድ ላደረገችው፤ ከተማዋን መሰየም ለማን ይገባል?