እናንዬና የወህኒው ደፍ

ድሮ ነው ልጆቼ፤ የዛሬው ትልቅ ዋርካ ገና ችግኝ ሳለ፣ ሰውም ፈጣሪውንና መልከኛውን እኩል ይፈራ በነበረበት ዘመን ነው። በወይራምባ እናንዬ የምትባል ጥጥ ፈታይ ነበረች። ድሃ ናት፤ ከባሏና ከእንዝርቷ በቀር ምንም አልነበራትም።

ባሏ አዳሙ፣ አንድ ለእናቱ የሆነ በሬውን መልከኛው ለድግስ ሊያርድበት ቢል፣ በሬውን ነድቶ በረሃ ገባ። ሎሌዎቹ ባልየውን ቢያጡት ሚስቱን ያዙ። እናንዬ ያን ጊዜ ነፍሰ ጡር ነበረች። በእግር ብረት ጠፍረው ወህኒ ከተቷት።

የዚያ ወህኒ ሕግ ክፉ ነበር። ብረት ላይ የተወለደ ልጅ የመልከኛው ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ግቢውን ያገለግላል። ከእናንዬ በፊት የታሰሩ እርጉዞች ልጃቸውን እዚያው ትተው፣ ጡታቸው ወተት እንዳጋተ ወጥተዋል።

መጀመሪያ በረሃብ ፈተኗት። ባልሽ ያለበትን ንገሪና ብዪ አሏት። እናንዬ ውኃዋን ጠጣች፤ አማተበች። «እኔን አስራችኋል፤ ሆዴን ግን አላሰራችሁም» አለች። ዘበኛው አጥናፉ ቅዳሴ የማያስታጉል ሰው ነበርና፣ ሰው ሳያይ ከራሱ ሽምብራ በበሩ ሥር ያሾልክላት ነበር።

ቀጥሎ በተስፋ ፈተኗት። መልከኛው ራሱ መጣ። የባሏን መሸሸጊያ ብትናገር በበቅሎ እናቷ ቤት እንደሚያደርሳት፣ እዚያው እንደምትወልድ ማለላት። የእናንዬ ልብ እናቷ ዘንድ ሄደ፤ እንባዋም መጣ። አባቱን አሳልፋ ሰጥታ ልጇን በምን ዓይኗ ታየዋለች? እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች። «እኔን አስራችኋል፤ ሆዴን ግን አላሰራችሁም» አለች። መልከኛውም፣ ቀኑ ሲደርስ የሆድሽ የኔ መሆኑ አይቀርም ብሎ ሄደ።

ሦስተኛው ፈተና ምጥ ነበር። ጠዋት፣ ከብት ሲወጣ ያዛት። ልጇ ብረት ላይ እንዳይወርድባት ግድግዳውን ቧጥጣ «ማርያም! ማርያም!» አለች። ድምፅዋን የሰሙ ውኃ ቀጂዎች እንስራቸውን አስቀምጠው መንደሩን ጠሩ። ሴቶቹ አዋላጇን እማማ ዝማምን ከፊት አድርገው መጡ። አጥናፉ በሩ ላይ ቆሟል።

«ምን ትጠብቃለህ?» አለችው እማማ ዝማም። «ምጥ ባለበት ቤት ወንድ አይቆምም። ልታዋልድ ከሆነ ና፤ ያለዚያ ቁልፉን ጣልና ዞር በል።»

አጥናፉ መልከኛውን ፈራ። ማርያምን ግን አብልጦ ፈራ። ቁልፉን ደፍ ላይ ጥሎ ዞር አለ።

ብረቱ ወለቀ። ሴቶቹ ወደ ውጭ ወረወሩት። ከዚያ ወዲያ ነው እናንዬ ተንበርክካ ሴት ልጅ የወለደችው። ማርያም ማረቻት። እልልታው መልከኛው ግቢ ድረስ ተሰማ።

መልከኛው ገስግሶ መጣ። ብረት ላይ ተወልዳለችና የኔ ናት አለ። አጥናፉ ብረቱን ከመሬት አንሥቶ አሳየው። «እነሆ ጌታዬ፤ ከልጅቷ ቀድሞ ወጥቷል» አለ።

መልከኛው፣ ገብታችሁ ሁለቱንም አውጡልኝ ቢል ሎሌዎቹ አልነቃነቅ አሉ። ወህኒው አሁን አራስ ቤት ሆኗል። በማግስቱ የማርያም ንግሥ ነው፤ አራስ ቤት ገብቶ የወጣ ወንድ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን ይቀራል። መልከኛው በንግሥ ቀን ከሕዝቡ ፊት ካልቆመ አገር ምን ይለዋል? ደፉ ላይ ደርሶ ተገተረ። ይኼኔ እናንዬ ከውስጥ፣ በደከመ ድምፅ፣ «ይግቡ ጌታዬ፤ ገንፎው ሳይቀዘቅዝ» አለችው።

ሴቶቹ ሳቁ። መልከኛው እግሩን አነሣ፤ መልሶም ከደፉ ወዲህ አወረደ። ዞሮም ወደ ግቢው ሄደ።

እስከ ክርስትናው ድረስ ሴቶቹ ቅቤና ማር ይዘው ሲመላለሱ፣ አንድም ወንድ ያንን ደፍ አልረገጠም። በክርስትናው ዕለት እናትና ልጅን መሃል አድርገው በእልልታ ወጡ። ለክርስትና የሚሄድ ሕፃን ከእናቱ እቅፍ ማን ይነጥቃል? እናንዬ ልጇን አስጠመቀች። የቤተ ክርስቲያኑን ደጅ ተሳልማ፣ አዳሙ ወዳለበት በረሃ ወረደች።

ስለዚህ ነው በወይራምባ ዛሬም ሴት ምጥ ሲይዛት ባል ያለውን ቁልፍ ሁሉ ደፍ ላይ ጥሎ የሚወጣው። ጥጃው ከካስማው ይፈታል፤ ቀንበሩም ከበሬው ይወርዳል። ጉልበተኛ ደጃቸው ቆሞ ሲያስፈራራቸውም የወይራምባ ሴቶች አይጮኹም፤ አይለምኑም። በሩን ወለል አድርገው ይከፍቱና፣ «ይግቡ ጌታዬ፤ ገንፎው ሳይቀዘቅዝ» ይሉታል።