ሳይታይ የታወቀ ፊልም

ጥፋቷን ሳንደብቅ እንጀምር፤ የሚዲያ ተማሪዋ በአንድ ታዋቂ ዳይሬክተር ፊልም ላይ፣ ሰው ሁሉ ሲያለቅስ፣ እሷ መጨረሻው ቀድሞ ስለታወቃት ከት ብላ ስቃለች። ይባስ ብላ የመመረቂያ ጽሑፏን በዚያው ጉዳይ ላይ ሠራች፦ በሙዚቃ ክሊፕ ዘፋኙ ሁልጊዜ የሰው መኪና ተደግፎ እንደሚያዝን፣ በፊልም ደግሞ የሀብታም ልጅ ሁልጊዜ የምትወደው ደሃውን እንደሆነ።

ጽሑፉን በምታቀርብበት ቀን ፈታኝ ሆነው የመጡት ራሳቸው ዳይሬክተሩ አቶ ምንውየለት ነበሩ። ጥቁር መነጽራቸውን አዳራሽ ውስጥም አላወለቁም።

«ነይ እስኪ፣ አንቺ ሳቂታ» አሏት። «አዲሱን ፊልሜን ገና ማንም አላየውም። ጀግናዋ በመኪና ተገጭታ ኮማ ውስጥ ናት። መጨረሻውን ንገሪኝ። ከሳትሽ ጽሑፍሽ ውድቅ ነው። ካወቅሽ ደግሞ ድርሰቴን ሰርቀሻልና ከኮሌጁ አስባርርሻለሁ።»

አማካሪ መምህሯ አንገታቸውን ደፉ። ልጅቷ ግን ወደ ታዳሚው ዞረች።

«እስኪ እናንተ ንገሩኝ፣ ጀግናዋ ምን ትሆናለች?»

«ልጁ እጇን ይዞ ሲያለቅስ ትነቃለች!» አለ አዳራሹ በአንድ ድምፅ፣ የበሩ ጥበቃ ሳይቀር።

«ታዲያ ይሄ ሁሉ ሰው ድርሰቴን ሰርቆኛል ልትይ ነው?» አሉ አቶ ምንውየለት።

«ኧረ በጭራሽ፣ ጋሼ! ይህ ሁሉ ሰው የሚመላለስበት ቦታ የግል ግቢ አይደለም፣ የሕዝብ መንገድ ነው። በመንገድ የሄደ ደግሞ ሌባ አይባልም።»

አቶ ምንውየለት መነጽራቸውን አወለቁ፤ ሳቃቸው አመለጣቸው። ጽሑፉም አለፈ።

ፊልሙ የወጣ ዕለት ልጅቷ ከፊት ተቀመጠች። ጀግናዋ ዓይኗን ስትገልጥ፣ ያቺ ሁሉን አዋቂ በሻርፗ ተሸፍና ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ለሳቋም ለእንባዋም፣ እባካችሁ ይቅር በሏት።