አንደኛው ትምህርት ቤት

ተረት ላውራችሁ፣ ጆሮ አውሱኝ። አንዲት እናት ጃርት፣ ልጇ ክረምት ሳይገባ ጉድጓድ መቆፈር ካልተማረ መጠለያ አይኖረውም ብላ ጨነቃት። ለትምህርት ቤቶች ደረጃ ወደሚያወጣው ዝንጀሮ ሄደች።

«አያ ዝንጀሮ፣ የቱ ይሻለዋል?»

«አንደኛ ከርከሮ፣ መጨረሻ ፍልፈል።»

«ውይ! ፍልፈል መቆፈር አይችልም እንዴ?»

«እሱን አላየሁም። እኔ የማየው ስንቱን ከበር እንደመለሱ ነው። ከርከሮ መቶ መለሰ፤ ፍልፈል የመጣውን ሁሉ ይቀበላል።»

ጃርቷ አልገባትም። ቢሆንም አንደኛ ከተባለ ይሻላል ብላ ከርከሮ በር ላይ ከልጇ ጋር ሦስት ቀን ቆመች። ከርከሮም «ሞልቷል፣ እሜቴ» ብሎ መለሳቸው።

ዝንጀሮ መንገድ ላይ ሲያገኛቸው «እሰይ፣ መቶ አንድ! ዘንድሮም የሚደርስበት የለም!» ብሎ ጨፈረ።

ጃርቷ አብራው ትደሰት ወይስ ታልቅስ ግራ ገብቷት ስትቆም፣ ዝናቡ ልጇ ላይ ጠብ ጠብ ይል ጀመር። ተረቴም እዚህ ላይ ቆመ።