ወይራ ሜዳ ሳይቀመጥ የሚውልበት ቀን

ወይራ ሜዳ በምትባለው ከተማ የጥቅምት ወር የመጀመሪያው ሰኞ ሲደርስ ከጠዋት ጀምሮ ማንም ሰው አይቀመጥም። ፀጉር አስተካካዩ ደንበኛውን አቁሞ ይላጫል፣ ሻይ ቤት የገባ ሰው ብርጭቆውን ይዞ ቆሞ ይጠጣል፣ ነገሩን የማያውቅ የሌላ አገር ሹፌርም የመኪናው መቀመጫ ሁሉ ባዶ ሆኖ ተሳፋሪው ደጅ ተገትሮ ሲያይ «እናንተ ሰዎች ምን ነክቷችኋል?» እያለ ይነጫነጫል። ጉብታው ላይ ካለው ክርስቲያን ኮሌጅ ደወል እስኪሰማ ድረስ፣ ወገቡን የሚያመው ሽማግሌ እንኳ ግድግዳ ተደግፎ ይጠብቃል እንጂ አይቀመጥም።

ወደ ኮሌጁ አዳራሽ የገባ እንግዳ ደግሞ ከፊት የተደረደሩትን አሮጌ መቀመጫዎች አይቶ ይገረማል፤ አንዱ ከሌላው አይገጥምም። በርጩማው፣ ዱካው፣ ጠጅ የጠጣው አግዳሚ ሁሉ ተደባልቆ ስልሳ ሰው ያስቀምጣል፤ በመጨረሻው ረድፍ አንድ እግሩ ያጠረ፣ ክንዱ የተቀረጸ ትልቅ የዳኛ ወንበር አለ። ነገሩ እንዴት እንደተጀመረ ሽማግሌዎቹ ሲናገሩ በዝርዝሩ ይጨቃጨቃሉ። ጠንሳሿ ጠጅ ነጋዴዋ ወይዘሮ ዘነበወርቅ መሆኗን ግን የሚክድ የለም።

እንደሚነገረው ጣሊያን ከአገር በወጣ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት፣ ኢዮስያስ የሚባሉ አንድ ጥቁር አሜሪካዊ ቄስ ከሚስታቸውና ከአንድ የጽሕፈት መኪና ጋር በጭነት መኪና መጥተው ወይራ ሜዳ ወረዱ። ቄሱ የተማሩት በአሜሪካ ደቡብ ጥቁሮች ለልጆቻቸው ባቋቋሙት ክርስቲያን ኮሌጅ ነበር፤ ያ ኮሌጅ ዛፍ ሥር ተጀምሮ፣ ጡቡን ራሳቸው ተማሪዎቹ እያቃጠሉ የሠሩት ቤት ነው ይባላል። እንዲህ ያለውን ቤት በአፍሪካ ምድርም እሠራለሁ ብለው ተስለው ነበር የመጡት። አማርኛ የተማሩት ከመጽሐፍ ቅዱስ ብቻ ስለነበር ገበያ ወጥተው ድንች ሲገዙ እንኳ «እነሆ፣ የዚህ ድንች ዋጋ ስንት ነው? እውነቱን ተናገሪ» ይላሉ፤ ነጋዴዋም ደንግጣ ትቀንስላቸዋለች።

«የዚህ ቤት ሥራ ወንበር ላልቀረበለት ወንበር ማቅረብ ነው» ይሉ ነበር ቄሱ። በባርነት የተወለዱት እናታቸው ነጮች የሚጸልዩበትን ቤተ ክርስቲያን አግዳሚ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲወለውሉ ኖረው አንድም ቀን ተቀምጠውበት አያውቁም፤ ይህን ሲያነሡ የቄሱ ድምፅ ይሻክር ነበር። ችግሩ ግን ወንበር አቀርባለሁ የሚለው ኮሌጅ ራሱ ወንበር አልነበረውም። ስልሳው ተማሪ በድንጋይና በባሕር ዛፍ ግንድ ላይ ተቀምጦ ነበር የሚማረው። ቄሱ አሜሪካ ላሉት፣ እርሳቸውን ላሳደጓቸው አብያተ ክርስቲያናት መቀመጫ፣ ጠመኔ፣ የጣሪያ ቆርቆሮ ያስፈልገናል ብለው ጻፉ፤ በልብስ አጠባና በባቡር ጣቢያ ሸክም የሚኖሩት ምእመናንም ካላቸው ቆርሰው ላኩ። ከስምንት ወር በኋላ ሣጥኑ ሲከፈት ስልሳ የመዘምራን ካባ ተገኘበት። ቄስ ኢዮስያስ አንዱን ካባ አንሥተው ካገላበጡት በኋላ «እነሆ፣ እጅግ መልካም ነው» አሉ፤ ተማሪውም ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደ ጳጳስ ለብሶ ግንድ ላይ እየተቀመጠ ይማር ጀመር።

የዘነበወርቅ አንድያ ልጅ አስካለ ከስልሳዎቹ አንዷ ነበረች። ዘነበወርቅ ፊደል አልቆጠረችም። ከዓመታት በፊት በፊታውራሪ ይፍሩ ችሎት ቀርባ፣ የምስክርነት ቃልሽ ነው ባሏት ወረቀት ላይ አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ ፈርማ ነበር፤ ወረቀቱ ግን የወንዝ ዳሩን መሬቷን ለሟች ባሏ ወንድም የሚያስረክብ ሆኖ ተገኘ። ፊታውራሪም «ፈርመሻል» አሉና ነገሩ በዚያው ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ ሰው ፊት ስትቆም አውራ ጣቷን መዳፏ ውስጥ ትደብቅ ነበር ይባላል። ልጄ ሳታነብ አትፈርምም ብላ ምላ ነው አስካለን ወደ ጉብታው የላከቻት።

እንግዲህ በመስከረም መጨረሻ ላይ ከዋና ከተማ ደብዳቤ መጣ። ለስልሳ ተማሪ ስልሳ መቀመጫ የሌለው ኮሌጅ ፈቃድ አያገኝም፤ ይህንንም የሚያይ ተቆጣጣሪ በጥቅምት የመጀመሪያ ሰኞ ይደርሳል ይላል። አስካለ ይህን ለእናቷ የነገረቻት ዕለት ዘነበወርቅ ጠጅ ቤቷን ዘጋች፤ አግዳሚዎቿን አሸክማም ኮሌጁ ደጅ ደረሰች።

ጠጅ ቀምሰው የማያውቁት ቄስ አንዱን አግዳሚ ጎንበስ ብለው አሸተቱ። «ይህ የወይን ስካር ይሸታል» አሉ።

«ነፋስ ላይ ይዋልና ይለቀዋል፣ አባቴ።»

«ደግሞም የእኛ አይደለም። ሰውየው የእኛ መስሎት ይሄዳል፤ ይህም ሐሰት ነው።»

«ማን ይዋሹ አለዎት? ዝም ይበሉ ነው እንጂ።»

«ዝምታም አንዳንድ ጊዜ ሐሰት ነው።»

«እሱን በኋላ ንስሐ ይገቡበታል» አለችና ወደ ከተማው ወረደች።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እያለች ቤት ለቤት ዞረች። ሻይ ቤቱ ዱካዎቹን ሰጠ፣ ፀጉር አስተካካዩ ወንበሩን ሰጠ፣ ልብስ ሰፊውም በርጩማውን አስረክቦ በአንድ እግሩ ቆሞ በሌላው መኪናውን እየረገጠ መስፋት ጀመረ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ሲቆጠር ሃምሳ ዘጠኝ ሆነ። በከተማው የቀረው የፊታውራሪ ይፍሩ ወንበር ብቻ ነበር፤ ዘነበወርቅም ጥርሷን ነክሳ ደጃቸው ሄደች።

«ወንበሬን ከሰጠሁ ምኑን ዳኛ ሆንኩት?» አሉ ፊታውራሪ።

«እኔን ከመሬቴ ያነሡኝ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነው፣ ጌታዬ። እርስዎ ለአንድ ቀን ቢነሡ ምን ይጎድልብዎታል?»

ፊታውራሪ ሳል ያዛቸው። ወንበሩን ግን አልሰጡም።

ተቆጣጣሪው አቶ ስነጊዮርጊስ ሰኞ ጠዋት ሲደርስ ያደረገው አዲስ ጫማ አንድ ቁጥር ያንሰዋል። ከመኪናው እንደወረደ ጥቂት አረፍ ልበል ብሎ ሻይ ቤት ቢገባ መቀመጫ የለም። «ትኋን ገብቶበት ለፀሐይ አውጥተነው ነው» አሉት። ፀጉር አስተካካዩ ዘንድ ሄደ፤ እዚያም ትኋን። ልብስ ሰፊው ዘንድ ሲደርስ ያው መልስ ጠበቀው።

«የአገሩ ትኋን ሁሉ በአንድ ቀን ነው የመጣው?» አለ ተቆጣጣሪው።

«መንግሥት ቢያስብበት መልካም ነው» አለ ልብስ ሰፊው፣ በአንድ እግሩ እንደቆመ።

አቶ ስነጊዮርጊስ እያነከሰ ችሎት ደረሰ። ፊታውራሪ ይፍሩ የመንግሥት እንግዳ ሲመጣ አይተው እንደ ወጉ ከወንበራቸው ተነሡና «ኖር!» አሉ። ወጉ «በእግዚአብሔር፣ ይቀመጡ» ተብሎ መለመን ነው፤ አቶ ስነጊዮርጊስ ግን «በእግዚአብሔር» ብሎ ዘጭ አለበት፤ ጫማውንም አወለቀ። እግሩን እያሸ የከተማው ወንበር ሁሉ የት እንደገባ ጠየቃቸው። ፊታውራሪ በባለጉዳዮቻቸው ፊት ስለ ትኋን ማውራት አልሆንላቸው ብሎ «ጉብታው ላይ ነው» አሉ። ሰውየውም ጫማውን እያቃሰተ አጥልቆ ወደ ኮሌጁ ወጣ። ፊታውራሪ ግን በተለቀቀው ወንበር ላይ አልተቀመጡም፤ ቆመው ያዩት ጀመር።

አዳራሹ ውስጥ ሃምሳ ዘጠኝ ተማሪ ካባውን ለብሶ ተቀምጧል፤ አስካለ ብቻ ከኋላ ቆማለች። ዘነበወርቅ በመስኮት በኩል ታያለች። ተቆጣጣሪው አንድ ጊዜ ቆጠረ፤ ደግሞ ቆጠረ፤ ከዚያ ወደ ቄሱ ዞሮ «ወንበሮቹ የማን ናቸው?» አለ። ዘነበወርቅ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ለመነቻቸው። ቄስ ኢዮስያስ እርሷን አዩ፣ ጣሪያውን አዩ።

«እውነት እውነት እልዎታለሁ፣ ከእነዚህ አንዱ ስንኳ የእኛ አይደለም። ያ የፀጉር አስተካካዩ ነው። ያ የልብስ ሰፊው ነው። እነዚያ አግዳሚዎች ደግሞ…» ትንፋሽ ወሰዱ፤ «ከጠጅ ቤት ናቸው።»

ዘነበወርቅ ግንባሯን ከመስኮቱ ጣውላ ጋር አጋጨች። ሳምንት ሙሉ የለፋችበትን ቄሱ በአንድ ትንፋሽ በተኑት። ልጇን ነገ ከእርሷ ጋር ብርሌ ስታጥብ አየቻት፣ ከነገ ወዲያም እንደ እርሷ ጣቷን ቀለም ስትነክር አየቻትና እንባዋ መጣ።

ይህን ጊዜ ፊታውራሪ ይፍሩ ያንን ወንበር በገዛ ትከሻቸው ተሸክመው፣ «እኛ እንያዝልዎት» የሚሉ ባለጉዳዮች አስከትለው እያለከለኩ ገቡ። አዳራሹ ሙሉ ብድግ ብሎ «ኖር!» አለ። ፊታውራሪ ወንበሩን አስካለ ፊት ሲያወርዱት አንድ እግሩ ከድንጋዩ ወለል ተጋጭቶ ጫፉ ተሰበረ።

«ተቀመጪ» አሏት።

«እርስዎ ቆመው? ነውር ነው፣ አባባ።»

«ተቀመጪ ብያለሁ።»

«አይሆንም፣ አባባ።»

ሽማግሌ ቆሞ ማን ይቀመጣል? ፊታውራሪ የሰጡት ወንበር ላይ ተመልሰው አይቀመጡም፤ ተማሪዎቹ ፊታውራሪ ሳይቀመጡ አይቀመጡም፤ ተቆጣጣሪውም እግሩ እሳት እየበላው በሰው ፊት ባለጌ መባልን ፈራ። ወጉን የማያውቁት ቄስ ብቻቸውን ሊቀመጡ ሲሉ ሚስታቸው በኮታቸው ጎትተው አስነሷቸው።

«ወንበር ልቆጥር መጣሁ» አለ አቶ ስነጊዮርጊስ፤ «ስልሳው ሞልቶ አንድ የሚቀመጥ ሰው ጠፋ።»

ፊታውራሪ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። «የዚህችን ልጅ እናት በጣቷ አስፈርሜ መሬቷን ነሥቻታለሁ» አሉ። «ወረቀቱን ያነበበላት አልነበረም። እኔም አንብቡላት አላልኩም።» ከዚያም በችሎት እንደሚያደርጉት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ፈረዱ። «ከዛሬ ጀምሮ በየዓመቱ በጥቅምት የመጀመሪያ ሰኞ፣ ይህ ቤት ትምህርት በሚከፍትበት ቀን፣ በጣቱ የፈረመ ሰው ልጅ በዚህ ወንበር ሳይቀመጥ፣ እኔም ብሆን፣ በዚህ ከተማ ማንም እንዳይቀመጥ። ተፈርዷል።»

ፍርድ ነውና አስካለ ተቀመጠች። ወንበሩ አንድ ጊዜ ተወላግዶ ያዛት። ዘነበወርቅ ከመስኮቱ ውጭ እዚያው መሬት ላይ ዘርፈጥ ብላ አለቀሰች፤ አውራ ጣቷንም አልደበቀችም ይባላል። አቶ ስነጊዮርጊስ ሳይለመን ከጠጅ ቤቱ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ መዝገቡን አወጣና «መቀመጫ፦ ስልሳ። ባለቤት፦ ከተማው። ባለቤቱ ወንበሩን እስካላነሣ ድረስ ፈቃዱ ይጸናል» ብሎ ጻፈ።

ለአንድ ቀን ያበደረ ሁሉ ይህን ሲሰማ ራሱን ያዘ። ልብስ ሰፊው እስከ ፋሲካ በአንድ እግሩ ሰፋ። ፊታውራሪም ዓመቱን ሙሉ ቆመው ስለፈረዱ ነገር እያጠረ፣ ወሬ ማርዘም የሚወደው ነገረ ፈጅ ሁሉ ወደ ሌላ አውራጃ ተሰደደ ይላሉ። አስካለ ያንን አሮጌ ወረቀት ችሎት ፊት ጮክ ብላ አንብባ የወንዝ ዳሩን መሬት አስመለሰች የሚሉ አሉ፤ የተመለሰው ግማሹ ነው የሚሉም አሉ።

ዛሬ ኮሌጁ ከአንድ ሺህ በላይ ወንበር አለው፤ ፍርዱን ግን የሻረው የለም። በጥቅምት የመጀመሪያ ሰኞ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኞች የአዲስ ተማሪዎችን ወረቀት እያገላበጡ በወላጅ ፊርማ ቦታ ላይ የአውራ ጣት አሻራ ይፈልጋሉ፤ አሻራው የተገኘለት ልጅ በዚያ አንድ እግሩ ባጠረ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ደወሉ ይደወላል፣ ከተማውም በአንድ ጊዜ እፎይ ብሎ ይቀመጣል። ድሮ አሻራው ሞልቶ ስለነበር ደወሉ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት አያልፍም ነበር። አምና ግን ወረቀቱ ሁሉ በጽሑፍ የተፈረመ ሆኖ፣ አንዲት ልጅ ከሩቅ ቀበሌ እስክትገኝ ድረስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። «አንድም በጣቱ የሚፈርም የጠፋ ዕለትስ ምን ልትሆኑ ነው?» ብሎ የሚጠይቃቸው ሰው ሲያገኙ፣ ሽማግሌዎቹ ጉልበታቸውን እያሹ እርስ በርሳቸው ይተያያሉ። «ያን ዕለትማ ቆመን እናድራለና» ይላሉ፣ ደስ እያላቸው።