እንትፍ በይ

በእኛ ጫካ ነገር ሁሉ በሥርዓት ነው። አንበሳ ይገዛሉ፣ አያ ጅቦ ያማክራል፣ እኛ እንፈራለን። ክፉ ነገር ይመጣል ብሎ መናገር ሟርት ነው። ያሟረተ በጉባኤ ፊት «እንትፍ!» ብሎ ቃሉን ይመልሳል። ከዚያ ወዲያ ክፉው ይቀራል ይባላል።

ከሸለቋችን በላይ ጌታችን የሚኮሩበት የአፈር ግድብ ነበር። የሠራችው ጉድጓድ ቆፋሪዋ መሐንዲሳችን እመት አዋልዲጌሳ ናት። ክረምቱ ሲበረታ ጭቃ በጭቃ ሆና ጉባኤ ገባች።

«ጌታዬ፣ ከግድቡ ሥር የሚወጣው ውሃ ደፍርሷል። ጥርት ያለ ቢሆን አልፈራም ነበር። ይሄኛው ግን አፈሩን ከውስጥ እየበላ ነው። ለውሃው ማፍሰሻ ልቅደድለት፤ ታች ያሉትም ዛሬውኑ ኮረብታው ላይ ይውጡ።»

እኔ ጥንቸሏ የምኖረው ታች ነው፤ ልጆቼም እዚያው ናቸው።

«ኧረ ጉድ!» አለ አያ ጅቦ። «በጌታችን ግድብ ታሟርቺያለሽ? ያውም ራስሽ በሠራሽው!»

«ራሴ ስለሠራሁት ነዋ የማውቀው!»

አንበሳ ብድግ አሉ። እመት አዋልዲጌሳ ዞራ እኛን አየችን። ከመካከላችን አንዱ «እውነቷን ነው» ቢል ኖሮ! ሁላችንም መሬት መሬት አየን።

«እንትፍ» አለች በቀስታ።

«ጮክ በይ!» አሉ አንበሳ።

«እንትፍ!»

እፎይ አልን። እኔም ቤቴ ገብቼ ልጆቼን አቅፌ ተኛሁ።

ግድቡ ተንዶ ጎርፉ የመጣው በማግስቱ ረፋድ ላይ ነው። ከልጆቼ አንዷን ብቻ በአፌ ነክሼ ኮረብታው ላይ ወጣሁ። የሌሎቹን ጩኸት እስካሁን እሰማዋለሁ።

ውሃው ሲጎድል አንበሳ እዚያው ኮረብታ ላይ ጉባኤ ጠሩ። ዋሻቸው ከፍታ ላይ ስለሆነ ጸጉራቸው እንኳ አልረጠበም። «መከራው ሳናስበው ደረሰብን» አሉ በሐዘን። «እመት አዋልዲጌሳ፣ በይ ሥራሽን ጀምሪ። ግድቡ እዚያው ቦታው ላይ ይሠራ።»

«እሠራለሁ ጌታዬ። የፈረሱትንም ቤቶች አቆማለሁ። ግን እዚያው ቦታ ላይ ከሆነ…»

አያ ጅቦ በዚህ ጊዜ ምንም አልተናገረም። አላስፈለገውም። ሁላችንም አንድ ላይ ጮኽን። ከሆዴ ሥር የተወሸቀችው፣ ገና ያልደረቀችው ልጄ ግን ከሁላችን በላይ ጮኸች፦

«እንትፍ በይ!»